ስለ ፕሮሰሰሬ ትኩሳትና ስለ ግድግዳዎ ጤንነት

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ

ለተከበሩ አቶ ከተማ ይገረም
የሰባት ቀንዲል የገበያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የሕንጻ ደህንነት ኮሚቴ አባላት ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። በተለይም ለዓመታት ሲያሠቃይዎት የኖረው የወገብ ሕመም፣ ቢሮዎን ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ ካዛወሩ ወዲህ እየለቀቀዎት መሆኑን፣ እንደ ልብዎ ጎንበስ ቀና ማለት መጀመርዎንና ለዚህም አዲሱን ክፍልዎን እንደሚያመሰግኑ ከነጋዴው ሁሉ ሰምቼ ተደስቻለሁ። ፈጣሪ የጀመረውን ይፈጽምልዎት። ስለ ወገብዎ በደብዳቤዬ መጨረሻ ስለምመለስበት እስከዚያው በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ በሱቅ ቁጥር 417 የሰርግ ቪዲዮ የማቀናብር ፋና ማስረሻ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤዎ ውስጥ «ግለሰቧ» ተብዬ አራት ጊዜ ስለተጠራሁ፣ ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎት እንደሆነ ለማስታወስ ያህል ነው። ሕንጻው ከመሠራቱ በፊት አባቴ ማስረሻ እዚሁ ቦታ ላይ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ነጋዴው ተሰባስቦ አክሲዮን ሲያቋቁም እሱም ቆርቆሮውን በገዛ እጁ ነቅሎ ቦታውን አስረከበ፤ 417 በዚያ ምትክ የደረሰችው፣ እሱ ሲያርፍም ለእኔ የቀረችኝ ክፍል ናት። ክቡርነትዎ በማኅበራችን የተቀጠሩት ካቻምና ስለሆነ ይህን ባያውቁ አይፈረድብዎትም።

በዚሁ ደብዳቤ «ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ የሚሠራ፣ ሙቀት የሚያመነጭና ለሕንጻው የእሳት አደጋ ስጋት የሆነ ኮምፒውተር» እስከ መጪው ሰኞ ግንቦት 11 ድረስ ከሕንጻው እንዳወጣ፣ ካላወጣሁም ሱቄ እንደሚታሸግ አሳውቀውኛል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ስለታተመና ደብዳቤው በጥበቃ እጅ፣ ደንበኞች በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ ስለተሰጠኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። እኔም በዚያው ልክ ክብርዎን ለመጠበቅ ስል መልሴን በየደረጃው ላይ ለጥፌ፣ በነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፕም አስቀምጬ አቀርባለሁ። ቅሬታዎቼ በቁጥር ተለይተው እነሆ።

አንደኛ፦ ስለ አሥራ ሁለት ሰዓቱ ማጥፊያ።

የመርካቶ ልጅ በእሳት አይቀልድም። ነጋዴ ጢስ ሲሸተው ጫማውን ሳያጠልቅ ሲሮጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ኮሚቴው የሁሉም ሱቅ መብራት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዋናው ማጥፊያ እንዲቋረጥ ሲወስን መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። ዛሬም ቢሆን ድጋሚ ድምፅ ይሰጥ ቢባል እጄን አወጣለሁ።

ችግሩ ሰርግ ነው። ክቡርነትዎ ልጆች እንደዳሩ አውቃለሁና መልስ ላይ ዘመድ አዝማድ ከምግቡ በፊት ምን እንደሚጠይቅ አይጠፋዎትም፤ የትናንቱን ሰርግ ቪዲዮ ነው የሚጠይቀው። ካሜራ ማኑ እሑድ የቀረጸውን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያመጣልኛል። መልሱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። በዚህ መካከል መርጬ፣ ቆርጬ፣ ቀለሙን አስተካክዬ፣ ዘፈን አስገብቼ፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣ እተወዋለሁ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ብቻውን በፋብሪካው ፍጥነት አምስት ሰዓት ይፈጅ ነበር። በጥር ወር አንድ ሰርግ ዘጠና አራት በመቶ ደርሶ ሳለ ጥበቃው እንደ ታዘዘው ማጥፊያውን ጎተተ፤ የሙሽራዋ ቤተሰቦች መልሱን ቪዲዮ ሳያዩ አሳለፉ። እናቲቱ በማግስቱ መጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ በዘመድ ፊት አዋረድሽኝ እኮ» ብለው ያለቀሱትን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ሁለት አማራጭ ነበረኝ፦ ደንቡን መጣስ ወይም ኮምፒውተሩን ማስሮጥ። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝና ኮምፒውተሩን አስሮጥኩት። ባለሙያዎች ይህንን ኦቨርክሎክ ይሉታል፤ ፋብሪካው ለፕሮሰሰሩ የወሰነለትን ፍጥነት ባለቤቱ በራሱ ኃላፊነት ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። አንድ ጆንያ የሚሸከም ሰው ሁለት ሲሸከም እንደሚያልበው ሁሉ ፕሮሰሰሩም ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣና አየር ካገኘ ግን ይሸከማል። ደግሞም ከሰው በተሻለ ራሱን ያውቃል። ሙቀቱ ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ራሱን ያጠፋል።

ሥራውንም በዘፈቀደ አልሠራሁትም። ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ፣ በየደረጃው ለሰዓታት አስጨንቄ እየፈተንኩ፣ ሳያስፈልግ የሚገባውን ቮልቴጅ እየቀነስኩ ነው የሄድኩት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈውን፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ፋብሪካው የሰጠውን ትንሽ ማራገቢያ አውጥቼ ክንዴን የሚያህል ማቀዝቀዣ ገጠምኩለት። በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሰማንያ ሁለት ዲግሪ አላለፈም፤ የአምስት ሰዓቱ ሥራም በሦስት ሰዓት ከሩብ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንድም መልስ ያለ ቪዲዮ አልቀረም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ፕሮሰሰሩን ያስሮጠችው እኔ ብሆንም ሰዓቱን የወሰኑለት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፦ ስለ መስኮቴ፣ ነፍሷን ይማራትና።

በየካቲት መጀመሪያ የሕንጻውን ፊት የሚያስውብ ግዙፍ የማስታወቂያ ስክሪን እንዲሰቀል አድርገዋል። አብነት ሰፈር ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ይደነቃል፤ እኔም ከውጭ ሆኜ ሳየው ተደንቄያለሁ። ከውስጥ ሆኜ ግን የማየው የስክሪኑን ጀርባ ነው፤ በሱቄ ያለችው አንዲት መስኮት ሙሉ በሙሉ ስለተጋረደች ለኮምፒውተሬ የሚገባው አየር ቆመ። በሥራ ላይ ሙቀቱ ከሰማንያ ሁለት ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ወጣ። ይህንኑ ሳመለክት «ማራገቢያ ግዥ» ተባልኩ። ማራገቢያ ገዝቼ በሬ ላይ ሳቆም ደግሞ የኮሪደሩን ውበት አበላሽታለች ተብሎ ተወሰደብኝ። ማራገቢያው ዛሬ በኮሚቴው መሰብሰቢያ ክፍል በመልካም ሁኔታ እያገለገለ መሆኑን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

ሐቁ ይነገር ከተባለ ፕሮሰሰሬን ያስቸገረው ኮሚቴው ብቻ አይደለም። በግራ በኩል ያለችው ጎረቤቴ እትዬ ወርቅዬ፣ ድርና ማግ የምትሸጠዋ፣ እንደ ልጇ ስለምታየኝ አንድ ቀን ምሳ ልበላ ወጣ ስል በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል አምጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አልብሳው ጠበቀችኝ። «እናቴ ቴሌቪዥኗን እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ አቧራ እንዳይበላብሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ስመለስ ዘጠና ስምንት ደርሶ ራሱን አጥፍቷል። ዳንቴሉን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት፤ እሷንም አቅፌ አመሰገንኳት። አየር የዘጋብኝ እትዬ ወርቅዬ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ሦስተኛ፦ የኮሚቴው የቴክኒክ አባል የኮምፒውተሬን ሙቀት በመዳፋቸው ለክተው «በጣም» የሚል ውጤት መዝግበዋል። ስለ መለኪያቸው ትክክለኛነት የምለው የለኝም።

አራተኛ፦ የሚቀጥለውን ቁጭ ብለው፣ ከተቻለም ከግድግዳ ርቀው ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አባቴ የሚለካውን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበርና ያ አመል ተጋብቶብኛል። ፕሮሰሰሬን ማስሮጥ ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን እንደከፈትኩና ገና አንድም ሥራ ሳላዘው የሚያሳየውን ሙቀት እጽፋለሁ። ማታም ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሥራ ፈትቶ ሲቆም እጽፍና አጠፋዋለሁ። በጥር ወር ጠዋት ሃያ ዘጠኝ፣ ማታ ሠላሳ ስምንት ነበር። የሚጠበቅ ነው፤ ሌሊቱን ከእሳት ወርዶ ያደረ ድስት ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የሚገኘው። በየካቲት መጨረሻ ጠዋት ሠላሳ አምስት ሆነ። በመጋቢት አጋማሽ አርባ። ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት ግን አርባ ሰባት አነበብኩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ማታ የጻፍኩት አርባ ሦስት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እዚህች ላይ ጥቂት ይቁሙልኝ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት በእርስዎ ትእዛዝ ሱቄ መብራት የለውም። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ሌላ የሚሞቅ ዕቃም የለኝም። ታዲያ ጠፍቶ ያደረ ኮምፒውተር ማታ ከተለየሁት በላይ ሞቆ የጠበቀኝ በምን ምክንያት ነው?

መጀመሪያ ራሴን ነው የጠረጠርኩት። ቅባቱን ዳግመኛ ጠርጌ ቀባሁ፤ አልተለወጠም። በጋው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ዘንቦ እትዬ ወርቅዬ ጋቢ ለብሳ በዋለችበት ዕለት ማግስትም ቁጥሩ አልወረደም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከኋላው ግድግዳ አንሥቼ በር አጠገብ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሠላሳ ሦስት ሆኖ አገኘሁት። መልሼ ወደ ቦታው ወሰድኩት፤ አርባ ሰባት። በዚህን ጊዜ ኮምፒውተሩን ትቼ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፤ የኮሚቴውን የቴክኒክ አባል አሠራር መከተሌ ነው። ግድግዳው ይሞቅ ነበር። ደነገጥኩ፤ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም።

ከዚያ ግድግዳ በስተኋላ ያለው የአራተኛው ፎቅ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን የተቀመጠበት፣ ቁልፉም በእርስዎ እጅ ብቻ የሚገኘው ጠባብ ክፍል ነው። ምድር ቤት ገመድና ሶኬት የሚሸጠውን ኤሌክትሪሺያን ሙናዊርን ለመንኩት፤ ደንበኛ አስቀምጦ መጣልኝ። ግድግዳውን ነክቶ እጁን ፈጥኖ አነሣና፣ «ፋንዬ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ ትኩሳት ይዞታል!» አለ። የክፍሉ በር ክፍተት ላይ አፍንጫውን ደቅኖ አሸተተ፤ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ። የስክሪኑ መስመር ከዋናው ማጥፊያ በፊት ነው የተቀጠለው። ስለዚህ ጥበቃው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኛን ሲያጠፋ ስክሪኑ ሳይጠፋ ያድራል፤ ማንም በማያልፍበት ሰዓት ለባዶ መንገድ ሳሙና ሲያስተዋውቅ ያነጋል። የተቀጠለበት ገመድ ደግሞ ለዚያ የሚሆን አይደለም። ሙናዊር እንዳለው፣ «ለሻይ ቤት የሚሆን ገመድ ላይ ወፍጮ ቤት ነው የጫኑበት፤ ላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል»።

እኔም መዳፍና አፍንጫ ለኮሚቴው በቂ ማስረጃ ላይሆን ይችላል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ (ያሉዎት ሁለት ብቻ ስለሆኑ ለመገመት ባይደክሙ ደስ ይለኛል) በኮሮና ጊዜ በር ላይ ግንባራችንን ይለካበት የነበረውን መሣሪያ ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ባትሪ ቀይሮ፣ ግድግዳው ላይ አነጣጠረ። መሣሪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ ቀይ መብራት እያበራ ጮኸ። በዚያን ጊዜ በወጣውና ዛሬም በሩ ላይ ተለጥፎ በሚገኘው መመሪያ መሠረት እንዲህ ያስጮኸ ሰው ወደ ሕንጻው አይገባም ነበር። ይህ ግን ሕንጻው ራሱ ነው።

አምስተኛ፦ ስለ መልስዎ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት በጽሑፍ አመለከትኩ። መልስ ሳጣ ሚያዝያ ሠላሳ ቀን የደብተሬን ሦስት ገጽ ኮፒ አያይዤ ደገምኩ። ያኔ ኮሚቴው በአንድ ቀን ተሰብስቦ፣ ሱቄ ድረስ መጣ፤ እኔም ፕሮሰሰሩን እንዴት እንዳስሮጥኩት ሳልደብቅ አስረዳሁት። እውነቱን መናገሬ በቃለ ጉባኤው ላይ «ግለሰቧ ጥፋቷን አምናለች» ተብሎ ሰፈረ። በደብዳቤዎም ላይ «የግድግዳው ሙቀት ከግለሰቧ ኮምፒውተር የተነሣ መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ግኝት ተጨመረበት። ሌሊቱን ጠፍቶ የሚያድር ኮምፒውተር በሲሚንቶ አልፎ የመብራት ሳጥን እንደሚያቀልጥ ያረጋገጡት ምሁራን ስማቸው ቢገለጥ አገር ይኮራባቸው ነበር። እኛ ግን ያልተማርነው ይህንን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንለዋለን።

የሳጥኑን ክፍል በርም አስተውዬዋለሁ። በሩ ከላይ ሙቀት እንዲወጣበት የተሠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ኮሚቴው በላስቲክ ያስለበጠውን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል የእሳት አደጋ መከላከያ ማስታወቂያ አራቱንም ጫፍ በፕላስተር አሽጎ ለጥፎበታል። አንድም ቀዳዳ አልተረፈም። እትዬ ወርቅዬ ዳንቴሉን ያለበሰችው ባለማወቅ ነው፤ ስነግራትም ወዲያው አነሣችው። እኔ ማስታወቂያውን ልንቀል እጄን ስዘረጋ ግን «የማኅበሩን ንብረት በማበላሸት» እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። በማግስቱ ነቅዬዋለሁ። መጠየቅ ካለብኝ በዚህም ልጠየቅ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ይህ ሁሉ ጉዳይ የታወቀው ፕሮሰሰሬ ከተፈቀደለት በላይ ስለሚሮጥ ነው። ባላስሮጠው ኖሮ ሙቀቱ አያሳስበኝም ነበር፤ ካላሳሰበኝ አልለካም፤ ካልለካሁ ማታ አርባ ሦስት፣ ጠዋት አርባ ሰባት መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። በዚህ ስድስት ፎቅ ውስጥ በየቀኑ ቴርሞሜትር የሚያነብ አንድ ዕቃ ብቻ አለ። ኮሚቴውም ከዕቃው ሁሉ መርጦ እንዲወጣ የወሰነው እሱን ነው።

የእትዬ ወርቅዬ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥጥ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ቀጥሎ ስፖንጅ አለ። እኔ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ይህንን እያሰብኩ ነው የምሄደው፤ ጠዋትም አውቶቡስ ተራ ስደርስ አንገቴን አስግጌ ሕንጻው በቦታው መኖሩን ሳላይ ቁርስ አይወርድልኝም። እፈራለሁ። መፍራቴን የምናገረው ደግሞ ሳላፍር ነው፤ ነገር ግን ፈርቼ የምሸሸው ከእሳት እንጂ ከማኅተም አይደለም።

ስለዚህ ውሳኔዬን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። አልወጣም። ኮምፒውተሩም አይወጣም። ሰኞ ግንቦት 11 ቀን እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን እከፍታለሁ፤ የጠዋቱን ሙቀት አነብና እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም ቁጥር ነጋዴው ሁሉ እንዲያየው በትልቁ አድርጌ በሬ ላይ እለጥፋለሁ። ከፕሮሰሰሬም ፍጥነት አንዲት ነጥብ አልቀንስም። ስክሪኑ እንደ እኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጠፋ፣ ገመዱም በባለሙያ ተፈትሾ ሲቀየር፣ ያን ጊዜ ስለ እኔ ፍጥነት ተቀምጠን እንወያያለን። ሱቁን ካሸጉት በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጬ ደብተሬን ለሚያልፈው ባለ አክሲዮን ሁሉ ከገጽ አንድ ጀምሬ አነብለታለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ የአባቴን ቆርቆሮ ያህል አጥር አለኝ፤ ክቡርነትዎም ገና ሲነቀንቁት ነው።

በመጨረሻም ኮሚቴው ለደህንነታችን ስላሳየው ትጋት፣ ስክሪኑ ለመንገዱ ስለሰጠው ውበት፣ የተወሰደው ማራገቢያዬም ስለተደረገለት መልካም አያያዝ ዳግመኛ አመሰግናለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ፤ ግድግዳው ግን የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ሥራ ሳይበዛበት እንደ ቆመ ፕሮሰሰር ቀዝቃዛ፣ ነገር ግን ያልተቋረጠ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣

ፋና ማስረሻ
የሱቅ ቁጥር 417 ባለ አክሲዮን
የሬዲዮ ጠጋኙ የማስረሻ ልጅ

ግልባጭ፦
ለመብራት ኃይል ባለሙያዎች፣ ደብተሬ በሙሉ ኮፒ ተደርጎ ዛሬ ጠዋት ደርሷቸዋል፤ ነገ እንመጣለን ብለዋል
ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከዚሁ ጋር
ለእትዬ ወርቅዬ፣ ከነምስጋናዬ፣ ጥጡን ከግድግዳው አርቃ እንድትደረድር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስለ ወገብዎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የመብራት ሳጥኑ ያለበት ጠባብ ክፍል በአንድ ወገን ከእኔ ሱቅ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከሌላ ጎረቤት ጋር ይዋሰናል። ያ ሌላው ጎረቤት እርስዎ ነዎት፤ ግድግዳው በየካቲት የተዛወሩበት አዲሱ ቢሮዎ፣ ያውም ወንበርዎ የተደገፈበት ግድግዳ ነው። «ክፍሉ ተስማማኝ፤ ፍል ውሃ ገብቼ የወጣሁ ያህል ነው» እያሉ አረጋውያን ነጋዴዎችን በተራ ሲያስደግፉበት የከረሙት ሙቀት የስክሪኑ ገመድ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ አንዱንም ባያምኑ፣ ይህን ደብዳቤ ሲጨርሱ ወንበርዎን ከግድግዳው ፈቀቅ ያድርጉት። የወገብዎ ሕመም ቢመለስብዎት ብዬ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት ላስቲክ በጥበቃ ክፍል አስቀምጬልዎታለሁ፤ እሱ ቢያንስ ሲመሽ ይቀዘቅዛል።